የበረዶው ባሕር ወፎች

በምድራችን ሰሜናዊ ጫፍ አርክቲክ የሚባል አካባቢ አለ። በብርድ ወራት ፀሐይ ጨርሶ የማትወጣበት ጊዜ አለ። የባሕሩ ፊት ይረጋና እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ሰው ይሄድበታል። እዚህ ቦታ ወፍ ይኖራል ብንላችሁ ታምናላችሁ? ይኖራል እንጂ! በሚሊዮን የሚቆጠር ወፍ ነው።

ከነዚህ አንዷን እንመልከት። ጊልሞት ትባላለች። እርግብ ታህላለች። ላባዋ ጥቁር፣ ክንፏ ላይ ነጭ ምልክት ያለባት፣ እግሯ ቀይ ነው። አላስካ በሚባለው የአሜሪካ ክፍል፣ ከባሕሩ ዳር ጥቂት ርቃ፣ ኩፐር የምትባል ደሴት አለች። ደሴት ማለት ዙሪያዋን ውኃ የከበባት መሬት ነች። ጆርጅ ዲቮኪ የሚባል ተመራማሪ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1975 ጀምሮ ከ40 ዓመት በላይ፣ ሙቀቱ በመጣ ቁጥር እዚያች ደሴት እየሄደ የጊልሞት ጎጆ ሲቆጥር ኖሯል። ከገበሬ በቀር እንዲህ ያለ ትዕግሥት ያለው ሰው እኛ ብዙ አናውቅም።

ጊልሞት እንቁላል ጥላ፣ ታቅፋ፣ ጫጩቶቿን እስክታሳድግ ድረስ 80 ቀን ያህል በረዶ ያልሸፈነው መሬት ያስፈልጋታል። ስለዚህ የአየሩ መሞቅ መጀመሪያ ላይ ጠቅሟት ነበር። በረዶው ቶሎ ሲቀልጥ ወፎቹ በዙ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ከ200 ጥንድ በላይ ደረሱ። ኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ።

የጊልሞት ጎተራ የባሕሩ በረዶ ጠርዝ ነው። ከበረዶው ሥር የዋልታ ኮድ የሚባል ስብ ያለው ዓሣ ይኖራል። እናትና አባት እየተመላለሱ አንድ አንድ ዓሣ በአፋቸው ያመጣሉ። አሁን ታዲያ ጫጩቶቹ ገና ሳይጠነክሩ በረዶው ከደሴቲቱ ይርቃል። ወላጆቹ ከዳር ካለው ውኃ ራሰ ትልቅ፣ እሾሃም ዓሣ ያመጣሉ። ጫጩት ይህን መዋጥ ያቅታታል። ብዙ ጊዜ ታናሿ ቀድማ ትሞታለች።

በዚህ ላይ ደግሞ ነጭ ድብ መጣ። ይህ ትልቅ አውሬ በረዶው ላይ ሆኖ ነበር የሚያድነው። በረዶው ሲሸሸው ወደ ደሴቲቱ ወጥቶ ጫጩት መብላት ያዘ። ተመራማሪው ለወፎቹ አፉ ጠባብ የሆነ የፕላስቲክ ሣጥን አበጀላቸው። ድቡን መከላከል ተቻለ። ረሀቡን ግን በሣጥን መከላከል አይቻልም። በ2021 የቀሩት ከ50 ጥንድ በታች ነበሩ።

በረዶውን ምን አቀለጠው? ከሰልና ነዳጅ ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባል አየር ይወጣል። ይህ አየር እንደ ጋቢ ምድርን ሸፍኖ ሙቀቷን ይይዛል። ጋቢው በየዓመቱ ይወፍራል። ፋብሪካውና መኪናው ያለው ሩቅ አገር ነው፤ ጊልሞት አይታው አታውቅም።

መርዝም እንዲሁ ከሩቅ ይመጣባቸዋል። የወባ ትንኝ ለመግደል ቤታችን ይረጭ የነበረውን ዲዲቲ ታውቁታላችሁ። በሞቃት አገር የተረጨ ዲዲቲ በነፋስ እየተጓዘ ብርድ ቦታ ሲደርስ ይሰፍራል። ከባሕሩ ወደ ዓሣ፣ ከዓሣው ወደ ወፍ ይገባል። በአርክቲክ ደሴቶች ላይ በምትኖር አንዲት ነጭ የባሕር ወፍ እንቁላል ውስጥ ብዙ ተገኝቷል። የእንቁላሏም ቅርፊት ከድሮው ሳስቷል።

ፉልማር የሚባለው ወፍ ደግሞ ውኃው ላይ የተንሳፈፈውን ሁሉ ይለቅማል። የፕላስቲክ ስባሪውን ከምግብ አይለይም። ወደ ጎጆው ይመለስና ከሆዱ አውጥቶ ጫጩቱን ያጎርሰዋል።