ምዕራፍ ሰባት፦ የትርፍ አንጀት አገልግሎትና ጥንቃቄው

ከእምብርቱ በታች በቀኝ በኩል ጥቂት የወጋው ሰው ሁሉ «ትርፍ አንጀት ይሆን?» ብሎ መደንገጡ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ይህን ብልት የምናስታውሰው ሲታመምና ሲቆረጥ ብቻ በመሆኑ፣ በጤናው ዘመን የሚሰጠውን አገልግሎት ሳንመረምር ከንቱ ፍጥረት አድርገን ቆጥረነዋል። እንግሊዛዊው ሊቅ ቻርልስ ዳርዊንም እ.ኤ.አ. በ1871 ባሳተመው መጽሐፍ ጥቅሙ ያለፈበት የጥንት ቅሪት ነው ብሎ ስለ ጻፈ፣ ሐሳቡ ከመቶ ዓመት በላይ በየትምህርት ቤቱ ሲነገር ኖሯል።

እኔ ግን ፈጣሪ በሰው ገላ ውስጥ ሥራ ፈት ብልት አላኖረም ብዬ አምናለሁ። ትርፍ አንጀት ከትልቁ አንጀት መነሻ ላይ የተንጠለጠለ፣ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 9 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም፣ ጫፉ የተደፈነ ቀጭን ቱቦ ሲሆን፣ ግድግዳው በሽታን በሚከላከሉ የሊምፍ ሕዋሳት የተሞላ ነው። እነዚህ ሕዋሳት ከምግብና ከውሃ ጋር የሚገባውን ባዕድ ነገር እየመረመሩ ጎጂውን ከማይጎዳው መለየት ይማራሉ፤ የአንጀትን ገጽ የሚጠብቁ ፀረ እንግዳ አካላት እንዲመረቱም ያግዛሉ፤ ይህም ሥራ በወጣትነት በርትቶ በእርጅና ይደክማል። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ በአሜሪካ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ገበሬ ክፉ ዘመን ቢመጣ ብሎ የዘር እህሉን በጎታ እንደሚያስቀር፣ ይህም ብልት ጠቃሚ ባክቴሪያዎችን በጠባብ ውስጡ አስጠልሎ፣ ኃይለኛ ተቅማጥ አንጀቱን ጠርጎ ባወጣ ጊዜ እንደገና እንዲራቡ ያደርጋል የሚል ሐሳብ አቀረቡ።

ይህን ያወቀ ሰው፣ ሆዱን በቆረጠው ቁጥር ያለ ሐኪም ትእዛዝ አሞክሳሲሊን ገዝቶ፣ ሁለት ቀን ውጦ መተው የሚያስከትለውን ጥፋት ይረዳል፤ መድኃኒቱ ጎጂውን ከጠቃሚው ሳይለይ ይፈጃል፣ የተረፈውም ተሐዋሲ መድኃኒቱን ይለምደዋል። ለሽያጩ እንጂ ለሰው ነፍስ የማይጨነቅ ነጋዴ በየመንደሩ መብዛቱ የዘመናችን ትልቅ ነውር ነው። እኔ አጥብቄ የምመክረው አባቶቻችን በጾም ሥርዓት ያወረሱንን ማዕድ ነው፤ ምስሩ፣ ሽምብራው፣ ባቄላው፣ ጎመኑና የገብሱ ቆሎ በአሰር የበለጸጉ ስለሆኑ፣ የአንጀት ወዳጅ የሆኑት ባክቴሪያዎች የሚመገቡት ይህንኑ ነው፤ በፍስክ ወቅት በሥጋና በቅቤ ብቻ የሚውል ሰው እነርሱን ያስርባል።

የቃሪያ ፍሬና ከምግብ በኋላ መሮጥ ትርፍ አንጀት ያመጣሉ የሚለው ወሬ አያስጨንቃችሁ።

የሚያስጨንቀው መዘግየት ነው። አንድ የማውቀው የሽሮ ሜዳ ሸማኔ፣ ማታ በእምብርቱ ዙሪያ የጀመረው ሕመም ጠዋት ወደ ቀኝ ወርዶ፣ ምግብ አስጠልቶ ሲያስታውከው፣ ቤተ ሰዎቹ ፌጦ አጠጡት፤ ሆዱንም በቅቤ አሹት። በሦስተኛው ቀን ሕመሙ ድንገት ቀለል ሲል ተመስገን አሉ፤ ዳሩ ግን ያ ዕረፍት ትርፍ አንጀቱ የፈነዳበት ሰዓት ነበርና፣ ሌሊቱን ትኩሳት ነደደበት፣ ሆዱም ተነፍቶ ደረቀ። በቀዶ ሕክምና ነፍሱ ብትተርፍም መግል በሆዱ ተሰራጭቶ ስለ ነበር ለብዙ ወራት ከሸማ ሥራው ተለየ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ሕመሙ ከእምብርት ተነሥቶ ወደ ቀኝ ከወረደ አትታሽ፣ የሚያስቀምጥ መድኃኒት አትጠጣ፣ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ቤት ሂድ። ብልቱ ጠቃሚ ነው ብለህም ቀዶ ሕክምናን አትሽሽ፤ ትርፍ አንጀቱ የወጣለት ሰው፣ በቀረው አንጀቱ ውስጥ ያሉት የሊምፍ ሕዋሳት ሥራውን ስለሚሸፍኑለት፣ በጤና ይኖራል።