ያለ እርሾ የሚደርስ የሙዝ፣ የተምርና የአይብ ዳቦ

 

በረመዷን ከዐስር ሶላት በኋላ ብዙ እናቶች የሚቸገሩበት ሰዓት አለ። ሊጥ አቡክቶ በእርሾ ለማስነሳት ጊዜው አልፏል። በቤት ውስጥ ግን ቆዳው የጠቆረ ሙዝ፣ ጥቂት አይብና ከትናንት የተረፈ ተምር አይጠፋም። ኢስራፍ (ማባከን) በዲናችን የተከለከለ ነው። ደግሞም የሙዝ ቆዳ ጠቆረ ማለት ሙዙ ተበላሸ ማለት አይደለም፤ ስታርቹ ወደ ስኳርነት ተለውጦ ጣፍጧል ማለት ነው። በእነዚህ ነገሮች ስኳር ሳይጨመርበት ለኢፍጣር የሚደርስ ዳቦ መጋገር ይቻላል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሶዳው ላይ ነው።

እርሾ ሊጡን ቀስ ብሎ የሚያስነሳው ሕይወት ያለው ነገር ስለሆነ ነው። ቤኪንግ ሶዳ ግን ሶዲየም ባይካርቦኔት የሚባል ኬሚካል ሲሆን ለቃር መድኃኒትነትም ያገለግላል። ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ወዲያውኑ አየር (ካርቦን ዳይኦክሳይድ) ያወጣል፤ ዳቦውን የሚነፋው ይህ አየር ነው። አሲዱን የምናገኘው ከአይቡ ነው። አይብ ቅቤው ከወጣለት ጎምዛዛ አሬራ ስለሚሠራ ከሶዳ ጋር ይስማማል። ቤኪንግ ፓውደር ደግሞ ሶዳ፣ ደረቅ አሲድና ስታርች አብረው የተቀላቀሉበት ነው። ስለዚህ ሁለቱን በእኩል መጠን አንዱን በሌላው መተካት አይቻልም።

ዳቦው በደንብ ይነፋልኝ ብሎ ሶዳ ማብዛት በብዙ ቤት የተለመደ ነው። አሲድ ያላገኘው ትርፍ ሶዳ ዳቦው ውስጥ ይቀራል። ሳሙና ሳሙና ይላል፣ ዳቦውን ያጠቁራል፣ በዱቄቱ ያለውን ቫይታሚን ቢ1ም ያጠፋል። ከሁሉም የሚከፋው ሶዲየሙ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ሶዳ ከ1,200 ሚሊ ግራም በላይ ሶዲየም አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚመክረው ከ2,000 ሚሊ ግራም በታች ነው። «ጨው ትቻለሁ» የሚሉ የደም ግፊት ያለባቸው አባት ወይም እናት በቤታችን ካሉ፣ ሶዲየም በጨው ብቻ እንደማይመጣ ልናስታውስላቸው ይገባል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሩብ ሊትር በሚይዝ ኩባያ ሁለት ኩባያ የስንዴ ዱቄት፣ አንድ ያልተቆለለ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሶዳ አብራችሁ ንፉ። ጨው ቁንጥር ይበቃል። በሌላ ዕቃ ሁለት የበሰለ ሙዝ ፍጩ፤ አጓቱ የተንጠፈጠፈ አንድ ኩባያ አይብ፣ ሁለት እንቁላልና ሩብ ኩባያ ዘይት ጨምሩበትና ምቱት። ስምንት ያህል ተምር ፍሬውን አውጥታችሁ ከትፋችሁ ጨምሩ፤ አንድ ፍሬ እንኳ ተረስቶ ቢቀር ሕፃን ሊያንቅ ይችላል። ከዚያ ዱቄቱን ቀላቅሉ። እንደ ድፎ ሊጥ አይታሽም፤ ዱቄቱ እንደጠፋ ማማሰሉን አቁሙ፣ ካልሆነ ይደድራል። ውህዱ ከመጠን በላይ ከጠጠረ ጥቂት ወተት ይበቃዋል። ሶዳው ሥራ የሚጀምረው ወዲያው ስለሆነ ሊጡን አስቀምጦ ወደ ሌላ ጉዳይ መሄድ አይሆንም፤ እሳቱ አስቀድሞ ይዘጋጅ።

በኦቨን በ180 ዲግሪ ከ45 እስከ 55 ደቂቃ ይፈጃል። ኦቨን የሌለው ቤት ወፍራም ድስት ዘይት ቀብቶ፣ ከሥር ለዘብ ያለ እሳት፣ በክዳኑ ላይ ጥቂት ፍም አድርጎ መጋገር ይችላል። ስንጥር ወይም ቢላዋ መሐሉ ላይ ሲወጋ ደርቆ መውጣት አለበት። ይህ ለመልኩ ብቻ አይደለም። አይብ ሲነጠር የሚሞቀው ሙቀት ካልተፈላ ወተት የሚመጡ ጀርሞችን ሁልጊዜ አይገድልም፤ በተለይ ለነፍሰ ጡር እህቶች ውስጡ በደንብ የበሰለ ዳቦ ያስፈልጋል።

በሙዝ ፋንታ ማንጎ ወይም ፓፓያ መጠቀም ይቻላል። ነገር ግን ውሃቸው ስለሚበዛ ወተቱን ተዉት፤ ፓፓያ አሲዱ ትንሽ ስለሆነ ጥቂት ሎሚ ጠብ አድርጉበት። ሐብሐብ ግን ለዚህ አይሆንም። አይብ ከሌለ እርጎ ይተካዋል፣ ከኩባያው ቀነስ አድርጋችሁ።

ከሱቅ የሚገዛ የውጭ አይብ ለሚጠቀሙ ደግሞ፦ አንዳንዶቹ ወተቱን ለማርጋት ሬኔት የተባለ፣ ከጥጃ ጨጓራ የሚወጣ ነገር ይገባባቸዋል። የሀገራችን አይብ ይህ የለበትም፤ የሚረጋው በጉምዘቱና በሙቀቱ ነው። የሬኔቱን ፍርድ ለዑለማዎቻችን እንተወውና እኛ ማሸጊያውን እናንብብ። ፈሳሽ ቫኒላም ብዙ ጊዜ በአልኮል የተሟሟ ነው፤ በምትኩ ሄል ወይም የተፈገፈገ የብርቱካን ልጣጭ መዓዛው አያንስም፣ እንዲያውም ለእኔ ይበልጣል።

አሁን መድኃኒት የምትወስዱ አስተውሉ። በአይብና በወተት ያለው ካልሲየም ሲፕሮፍሎክሳሲንና ቴትራሳይክሊን ከተባሉ አንቲባዮቲኮች ጋር ይጣበቅና መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋል። የብረት (አይረን) እንክብልንም እንዲሁ ያዳክማል። ሕመምተኛው በሰዓቱ እየዋጠ ሕመሙ ላይሻለው የሚችልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በረመዷን መፍትሔው ቀላል ነው፦ እንክብሉን በኢፍጣር በውሃ ውጡ፣ ዳቦውን ከተራዊሕ መልስ ብሉ። በሱሑርም የሚዋጥ ካለ ያን ጊዜ አይብና ወተት ይቅር። አወሳሰዱን ለጾም ማስተካከል ግን የሐኪሙ ወይም የፋርማሲ ባለሙያው ድርሻ ነው፤ በራስ ፈቃድ መጠን መቀነስ አይገባም።

የስኳር ሕመም ያለባቸው «ስኳር አልተጨመረበትም» በሚለው እንዳይዘናጉ። ተምሩም የበሰለው ሙዝም ስኳር ናቸው፣ ዱቄቱም ወደ ስኳር ይለወጣል። በሦስት ተምር አፍጥሮ ሦስት ቁራጭ ዳቦ መድገም ለእነሱ ከባድ ነው። ለእነሱ በሚጋገረው ተምሩን በግማሽ መቀነስና ዳቦውን ለአሥር ከፋፍሎ አንድ ቁራጭ ማቅረብ ይሻላል።

ዳቦው እርጥብ ስለሆነ ቶሎ ይሻግታል። ከቀዘቀዘ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ እስከ ማግስቱ፣ በፍሪጅ እስከ ሦስት ቀን ይቆያል። ሻጋታ ከታየበት ያንን ክፍል ብቻ ቆርጦ ማንሳት አይበቃም፤ በለስላሳ ዳቦ ውስጥ ሻጋታው ዐይን ከሚያየው በላይ ዘልቆ ስለሚገባ ሙሉው ይጣል።