የቃጠሎ ሕክምና ቃላት ምን ይነግሩናል?

ለአማርኛ ጆሮ «አንደኛ ደረጃ» የላቀውን፣ «ሦስተኛ ደረጃ» ደግሞ ዝቅ ያለውን ያመለክታል። በዚህ ልማድ የሚመራ ሰው፣ ሐኪም የዘመዱን ቁስል «ሦስተኛ ደረጃ ቃጠሎ ነው» ቢለው እፎይ ሊል ይችላል። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። በቃጠሎ ሕክምና ቁጥሩ የሚቆጠረው ከላይ ወደ ውስጥ ነው፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ጉዳቱ ይጠልቃል። በዚህ ጽሑፍ በቃጠሎ ሕክምና ክፍል ዘወትር ከሚሰሙት ቃላት ጥቂቶቹን እንመለከታለን፤ እያንዳንዱ ቃል የትኛውን ውሳኔ ይዞ እንደሚመጣም ለማሳየት እንሞክራለን።

ቆዳችን ኤፒደርሚስ ከተባለው ስስ ንጣፍና ከሥሩ ካለው ወፍራም ደርሚስ የተሠራ ነው። የደም ሥሮች፣ አብዛኞቹ የስሜት ነርቭ ጫፎች፣ የላብ ዕጢዎችና የጠጉር ሥሮች የሚገኙት በደርሚስ ውስጥ ነው። አንደኛ ደረጃ ቃጠሎ ኤፒደርሚስን ብቻ ይነካል፤ ቆዳው ይቀላል፣ ያማል፣ ውኃ ግን አይቋጥርም፤ በጥቂት ቀናትም ያለ ጠባሳ ይድናል። ሁለተኛ ደረጃ ወደ ደርሚስ ይዘልቃል፤ ውኃ የሚቋጥረውና እጅግ የሚያመው ይህ ነው። በሦስተኛ ደረጃ መላው ደርሚስ ይሞታል። ገጹ ነጭ፣ ቡናማ ወይም የከሰለ፣ ሲዳሰስም እንደ ደረቅ ቁርበት ይሆናል። የነርቭ ጫፎች አብረው ስለተቃጠሉ መሀሉ ሕመም አይሰማውም። እንግዲህ «አያመኝም» የሚለው ሕመምተኛ ከሚጮኸው የባሰ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ዛሬ ብዙ ሐኪሞች ቁጥሩን ትተው «ከፊል ጥልቀት» እና «ሙሉ ጥልቀት» ይላሉ፤ ለአማርኛ ተናጋሪም ይህ አጠራር ይሻላል ባዮች ነን።

ጥልቀቱ ግን ወዲያው የሚቆርጥ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1953 ቀዶ ሐኪሙ ዳግላስ ጃክሰን ቃጠሎን በሦስት ቀጠና ከፍሎ አሳየ፦ መሀሉ የሞተ፣ ዳሩ የቀላና በራሱ የሚድን፣ በሁለቱ መካከል ያለው ደግሞ የደም ዝውውሩ የተዳከመና ዕጣው ያልተወሰነ። ይህ የመካከለኛው ቀጠና በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ሊሞትም ሊተርፍም ይችላል። ቃጠሎን ወዲያውኑ ለ20 ደቂቃ ያህል በሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ማቆየት የሚመከረውም የጉዳቱን መጥለቅ ስለሚገታ ነው። የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል ወይም ቅቤ መቀባት ግን ቁስሉን ለመመርመር ከማስቸገሩም በላይ ለብክለት ያጋልጠዋል።

ሁለተኛው ጥያቄ ስፋት ነው። «የዘጠኝ ሕግ» የሚባለው ዘዴ የአዋቂን ገላ በዘጠኝ በመቶ ድርሻ ያካፍላል፦ ራስና አንገት 9፣ እያንዳንዱ ክንድ 9፣ እያንዳንዱ እግር 18፣ የደረትና ሆድ ወገን 18፣ ጀርባ 18፣ የኀፍረት አካል 1። ሕፃናት ራሳቸው በአንጻሩ ትልቅ ስለሆነ ይህ ስሌት አይሠራላቸውም። አንደኛ ደረጃ ቃጠሎ በስፋቱ ውስጥ አይቆጠርም።

ስፋቱ የሚለካው በደም ሥር ለሚሰጠው ፈሳሽ ነው። በሰፊ ቃጠሎ ጥቃቅን የደም ሥሮች ያፈስሳሉ፤ የደሙ ውኃ ወደ ሕብረ ሕዋስ ስለሚወጣ ኩላሊትና ሌሎች አካላት ደም ያንሳቸዋል። በዳላስ ከተማ ከሚገኘው ፓርክላንድ ሆስፒታል ስሙን ያገኘው ቀመር፣ 4 ሚሊ ሊትርን በሰውየው ክብደትና በቃጠሎው መቶኛ ያባዛል። 50 ኪሎ ለሚመዝንና 20 በመቶ ለተቃጠለ ሰው፣ በ24 ሰዓት 4 ሊትር ማለት ነው። ግማሹ በመጀመሪያዎቹ 8 ሰዓታት ይሰጣል። ሰዓቱ የሚቆጠረው ግን ሰውየው ከተቃጠለበት ጊዜ ጀምሮ ነው፤ ከሩቅ ቀበሌ ተነሥቶ በ5 ሰዓት ጤና ተቋም ለደረሰ ሰው የቀረው 3 ሰዓት ብቻ ነው። ዛሬ ቀመሩ መነሻ ብቻ ሲሆን፣ የፈሳሹ መጠን በሽንቱ ልክ ይስተካከላል።

ሙሉ ጥልቀት ያለው ሰፊ ቁስል በራሱ አይድንም። አዲስ ኤፒደርሚስ የሚበቅለው በደርሚስ ውስጥ ከተረፉት የጠጉር ሥሮችና ዕጢዎች ነውና፣ እነሱ ከጠፉ ከቁስሉ ዳር በቀር መነሻ የለም። ስለዚህ ኤስካር የተባለው የሞተ ቅርፊት ተቆርጦ ይወገድና የቆዳ ንቅለ ተከላ ይደረጋል። ቃሉ ከችግኝ ጋር መዛመዱ መልካም ነው። ከጭን ከግማሽ ሚሊ ሜትር የሳሳ ቆዳ ተገፍፎ በቁስሉ ላይ ይነጠፋል። በመጀመሪያው አንድ ሁለት ቀን የራሱ የደም ዝውውር የለውም፤ ከሥሩ የሚወጣውን ፈሳሽ እየመጠጠ ይቆያል። ከዚያ የደም ሥሮች ይገናኙና፣ ገበሬው ለችግኝ እንደሚለው፣ ይጸድቃል። ቢንሸራተት፣ ከሥሩ ደም ቢቋጥር ወይም ቢበከል ይደርቃል። የተገፈፈው ጭንስ? እዚያ ደርሚሱ በከፊል ስለቀረ፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ራሱን ያለብሳል።

የቆዳው መጽደቅ ግን የሕክምናው ፍጻሜ አይደለም። ጠባሳ ለወራት ይኮማተራል፤ በመገጣጠሚያ ላይ ሲሆን ክርንን አጥፎ፣ አገጭን ከደረት አጣብቆ ሊያስቀር ይችላል። ይህ ኮንትራክቸር ይባላል። አስቸጋሪው ነገር፣ ሕመምተኛው ሕመም የሚቀንስለት አካሉን ሲያጥፍ መሆኑ ነው፤ ጠባሳውም በዚያው አኳኋን ይደርቃል። አንገቱ ከፊት የተቃጠለ ሰው ትራስ የሚከለከለው፣ የተቃጠሉ ጣቶችም ለየብቻ የሚጠቀለሉት ለዚህ ነው። ሕፃናት ደግሞ ያድጋሉ፤ ጠባሳው ግን አብሯቸው በበቂ አይለጠጥም። በአራት ዓመቱ የተቃጠለ ልጅ እጁ እንደገና እንዲዘረጋ፣ ቁመቱ በጨመረ ቁጥር ደጋግሞ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል።