ስለ አውሮፕላን ማረፊያ ሥርዓትና ስለ መንደርደሪያው ምልክቶች

አውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ መጀመሪያ የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን ለማረፊያ ይፈለግ የነበረው ድንጋዩና ቍጥቋጦው የተነቀለለት ደልዳላ ሜዳ ነበር። ዛሬም ማረፊያን ከሩቅ የሚያይ ሰው ባዶ ሜዳ ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን በውስጡ የተቀባው መስመርና የበራው መብራት ሁሉ ምክንያት አለው፤ እርሱም የሰውን ሕይወት መጠበቅ ነው። ምክንያቱን ያወቀ ሰው ሜዳውን ይጠብቃል፤ ያላወቀ ግን ሳያስበው ጕዳት ያመጣል። ስለዚህ ነገሩን በየክፍሉ ማስተማር ይገባል።

1ኛ ስለ ማረፊያው ክፍሎች

ማረፊያ በሁለት ወገን ይከፈላል። አንደኛው ሕዝብ የሚገባበት ወገን ነው፤ በዚያም መንገደኞች የሚስተናገዱበትና ዕቃቸው ተመዝኖ የሚፈተሽበት ቤት ይገኛል። ሁለተኛው አውሮፕላኖች የሚንቀሳቀሱበት ወገን ነው፤ ወደዚህ ያለ ፈቃድ አይገባም። በዚህ ወገን ሦስት ዋና ስፍራዎች አሉ። መቆሚያው አውሮፕላኑ ቆሞ ሰውና ጭነት የሚወርድበትና የሚሳፈርበት፥ ነዳጅም የሚቀዳበት ነው። መንደርደሪያው አውሮፕላኑ ሮጦ የሚነሣበትና መጥቶ የሚያርፍበት ረጅምና ቀጥ ያለ ጐዳና ነው። መመላለሻው መቆሚያውን ከመንደርደሪያው ጋራ የሚያገናኝ መንገድ ነው።

በትላልቅ ማረፊያዎች ከፍ ብሎ የተሠራ የመቆጣጠሪያ ማማ አለ። በማማው ያሉት ሠራተኞች ሜዳውን ሁሉ እያዩ ለአብራሪው በሬዲዮ ፈቃድ ይሰጡታል፤ ያለ ፈቃዳቸው ማንም ወደ መንደርደሪያው አይገባም። የእሳት አደጋ መኪናዎችም ሁልጊዜ ተዘጋጅተው ይጠብቃሉ።

2ኛ ስለ ነፋስ

ገበሬ በአውድማው ላይ ምርቱን በመንሽ እየበተነ ከገለባው ሲለይ አስቀድሞ የነፋሱን አመጣጥ ይመለከታል። አብራሪም እንዲሁ ነው። አውሮፕላን የሚነሣውና የሚያርፈው ፊቱን ወደ ነፋስ አዙሮ ነው፤ የሚያነሣው በክንፉ ላይ የሚያልፈው አየር ነውና። አንድ አውሮፕላን ለመነሣት በክንፉ ላይ በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር የሚያልፍ አየር ቢያስፈልገውና ነፋስ ከፊቱ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ቢመጣለት፥ በምድር ላይ በ220 ፍጥነት ሮጦ ይነሣል። ነፋሱ ከኋላው ቢመጣ ግን በ280 መሮጥ ግድ ይሆንበታል፤ ለዚህም ብዙ መንገድ ይፈልጋል። ስለዚህ መንደርደሪያ ነፋስ ብዙ ጊዜ በሚመጣበት አቅጣጫ ይሠራል፤ በአጠገቡም እንደ እጅጌ የተሰፋ ጨርቅ በእንጨት ላይ ተሰቅሎ የነፋሱን አመጣጥና ብርታት ያሳያል።

3ኛ ስለ ርዝመት

ወደ ተራራ የወጣ መንገደኛ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ በከፍታ ላይ አየሩ ይሳሳልና። የሳሳ አየር ክንፉንም በደንብ አይደግፍም፥ የሞተሩንም ኃይል ይቀንሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላላት፥ አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። በልደታ የነበረው ማረፊያ ለጄት አውሮፕላን ስላልበቃ በ1950ዎቹ ዓ.ም. የቦሌ ማረፊያ ተሠራ። ዛሬ በቦሌ ካሉት ሁለት መንደርደሪያዎች ረጅሙ 3,800 ሜትር ነው።

4ኛ ስለ ቍጥርና ስለ ቀለም

በመንደርደሪያው ጫፍ የተጻፈው ታላቅ ቍጥር ስለ አቅጣጫው ይናገራል። የክበብ ዙሪያ 360 ዲግሪ ነው፤ አውሮፕላኑ የሚሄድበት የኮምፓስ አቅጣጫ ለዐሥር ተከፍሎ ይጻፋል። ወደ 70 ዲግሪ የሚያመራ መንደርደሪያ 07 ይባላል፤ በሌላው ጫፍ የሚመጣ ደግሞ ወደ 250 ዲግሪ ስለሚያመራ 25 ይባላል። የሁለቱ ጫፎች ልዩነት ሁልጊዜ 18 ነው። የቦሌ መንደርደሪያዎች ሁለቱም 07 እና 25 ናቸው፤ ጎን ለጎን ስለ ሆኑ ግራና ቀኝ በሚል ምልክት ይለያሉ።

በመንደርደሪያው መካከል የተቈራረጠ ነጭ መስመር አለ፤ አብራሪው ከመካከል እንዳይወጣ ይመራዋል። በመግቢያው ጐን ለጐን የተቀቡት ነጭ መስመሮች ማረፊያው ከዚያ መጀመሩን ያሳያሉ፤ ስፋቱ 45 ሜትር ለሆነ መንደርደሪያ ቍጥራቸው 12 ነው። የመመላለሻው መስመር ግን ቢጫ ነው።

5ኛ ስለ መብራት

በሌሊት የመንደርደሪያው ዳርና ዳር በነጭ መብራት ይታያል። ለማረፍ ለሚመጣው መግቢያው አረንጓዴ፥ መጨረሻው ቀይ ነው፤ የመመላለሻው ዳር ሰማያዊ ነው። በብዙ ማረፊያዎች ደግሞ ከመንደርደሪያው ጐን አራት መብራቶች በአንድ ረድፍ ይቆማሉ። አብራሪው ሁለት ነጭና ሁለት ቀይ ካየ አወራረዱ የቀና ነው፤ አራቱም ነጭ ቢሆኑ እጅግ ከፍ ብሏል፥ አራቱም ቀይ ቢሆኑ እጅግ ዝቅ ብሏል።

6ኛ ሜዳውን ስለ መጠበቅ

ርግብ በየዋህነቷ የምትመሰገን ወፍ ናት። ሆኖም መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. 104 ሰዎችን የያዘ አውሮፕላን ከባሕር ዳር ሲነሣ የርግቦች መንጋ አጋጠመው፤ ሁለቱም ሞተሮቹ ርግቦችን ሳቡ። አብራሪዎቹ ወደ ማረፊያው ሊመልሱት ሲደክሙ ሞተሮቹ ኃይል አጡ፤ አውሮፕላኑም በሆዱ ዐርፎ ተቃጠለ፤ 35 ሰዎች ሞቱ። በዚያ ፍጥነት ለሚሄድ ሞተር ትንሿ ወፍ እንኳ እንደ ድንጋይ ናት፤ ይልቁንም በሬ ወይም አህያ በመንደርደሪያው ላይ ቢገኝ ምን ያህል ጥፋት እንደሚሆን ማሰብ አያዳግትም።

ስለዚህ በማረፊያ አጠገብ የሚኖር ሕዝብ ከብቱን በሜዳው ላይ አያሰማራ፤ መንገድ ለማሳጠር ብሎ መንደርደሪያውን አያቋርጥ፤ ወፍ የሚሰበስብ ጥራጊና የእህል ትራፊ በአቅራቢያው አይጣል፤ አጥሩን አይስበር፤ የነፋስ ምልክቱንና መብራቱን አይንካ። መምህሩ ይህን ለልጆች ሲያስተምር፥ ሽማግሌዎችም በዕድርና በሰንበቴ ለሕዝቡ ይንገሩ። ልጅ በትምህርት ቤት የሰማውን አባቱም በሸንጎ ከሰማው ምክሩ ይጸናልና።

ጥያቄ

1. አውሮፕላን ፊቱን ወደ ነፋስ አዙሮ የሚነሣው ስለ ምን ነው?
2. ወደ 340 ዲግሪ የሚያመራ መንደርደሪያ ቍጥሩ ስንት ነው? የሌላው ጫፍስ? (መልስ፦ 34 እና 16።)
3. በደጋ የሚሠራ መንደርደሪያ ከቈላው ይልቅ የሚረዝመው ለምንድር ነው?
4. መምህሩ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ በዐመድ መንደርደሪያ ሥሎ፥ ተማሪዎች መግቢያውን፥ መካከለኛውን መስመርና የነፋሱን አመጣጥ እንዲያሳዩ ያድርግ።