ያፀደ ሕፃናት ውሎ

አፀደ ሕፃናት ማለት የሕፃናት የአትክልት ቦታ ማለት ነው። ስሙን ያወጣው ጀርመናዊው መምህር ፍሪድሪክ ፍሮብል ነው፤ እርሱም በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1837 ዓ.ም. በብላንከንቡርግ ከተማ ለታናናሽ ልጆች የጨዋታና የሥራ ቤት አቋቁሞ፥ በ1840 ዓ.ም. ይህን ስም ሰጠው። አትክልተኛ ተክሉን ውሃ ያጠጣዋል እንጂ ቡቃያውን እየጐተተ አያስረዝመውም፤ የሕፃናት መምህርም ሥራ እንደዚሁ ነው።

ውሎውም እንዲህ ነው። ልጆቹ ማልደው ሲመጡ መምህሪቱ እያንዳንዱን በስሙ ጠርታ ትቀበላለች፤ እጃቸውንም ታስታጥባለች። ከዚያም በክብ ተቀምጠው ይዘምራሉ፤ በመንገድ ያዩትንም በየተራ ይናገራሉ። መናገርን ያልተለማመደ ልጅ ኋላ መጽሐፍ ቢያነብ ቃሉን አያስተውለውምና።

ቀጥሎ ጠጠርና የበቆሎ ቆረቆንዳ እየደረደሩ ይቈጥራሉ፤ ትልቁን ከትንሹ ይለያሉ። ጭቃ አቡክተው ላምና ጎጆ ይሠራሉ። ፊደልም በየኔታ ዘንድ እንደ ተለመደው በዜማ ይቈጠራል፤ ቅርጹንም በጣታቸው በአሸዋ ላይ ይጽፋሉ። መምህሪቱ ልባቸው መባዘን ሲጀምር አይታ ሥራውን ትለውጣለች።

ረፋድ ላይ ወደ ሜዳ ወጥተው ይሮጣሉ፥ ድብብቆሽ ይጫወታሉ። ያመጡትን ስንቅ በልተው ጥቂት ያርፋሉ። ወደ ቤት ከመሄዳቸው በፊት መምህሪቱ ወይም የተጋበዘ የመንደር ሽማግሌ ተረት ያወራላቸዋል፤ በመጨረሻም «ከእነዚህ ጥፋተኛው ማነው? ስለ ምን?» ብሎ ይጠይቃቸዋል።

አባቶች «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይላሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን በአፀደ ሕፃናት የሚፈለገው የሚያቦካው እጅ ነው እንጂ የሚቦካው አይደለም። ጭቃ የለወሰ ጣት ነገ እርሳስ አጥብቆ ይይዛል፤ ጠጠር የቈጠረ ልጅ ነገ ሒሳብ ይገባዋል፤ ተራውን መጠበቅ የለመደም ከሰው ጋራ ይስማማል።

ይህን ሳያስተውሉ ደብተር በጽሕፈት ተሞልቶ እንዲመጣላቸው የሚሹ ወላጆች አሉ። መምህሩም ወቀሳን ፈርቶ ልጆቹን ቀኑን ሙሉ አስቀምጦ ያስገለብጣቸዋል። እንዲህ የዋለ ልጅ ግን ፊደልን ሳያውቅ ትምህርትን ይጠላል።

ስለዚህ መምህሩ ወላጆችን ጠርቶ ውሎውን ቢያሳያቸው መልካም ነው። ወላጅም ማታ ልጁን «ስንት ፊደል ጻፍህ?» ብቻ ከሚለው ይልቅ፥ «ዛሬ ምን ሠራህ? ከማን ጋራስ ተጫወትህ?» ብሎ ይጠይቀው፤ የሚመልስለትንም ታግሦ ይስማው።