እርሾውን አትጨርሺ

ልጄ፣ ባለፈው ቅዳሜ ጎንደር ፒያሳ ከፖስታ ቤቱ ፊት ለፊት ሻይ ስንጠጣ ደብተርሽን ገልጠሽ «አባባ፣ ስቴም ሴል የሚሉትን ትርጉሙን በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ነገሩ ግን አልገባኝም» አልሽኝ። ቤቴ ከገባሁ በኋላም ንግግርሽ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ትርጉም ይዞ ነገሩ ያልገባው ተማሪ ብዙ አይቻለሁ፤ አንቺ ግን ሳይገባኝ አልቀበልም ብለሻልና ደስ ብሎኛል። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ማይክሮስኮፕ ላይ አቀርቅሬ ነው። በዓይኔ ያየሁትንና ከመጻሕፍት የቀሰምኩትን እነሆ በተራ በተራ ጽፌልሻለሁ።

፩. መጀመሪያ እዪ፤ ስሙ ይደርሳል።

አንድ ሽንኩርት ክፈዪና ከሥጋው ውስጠኛ በኩል ያለችውን ስስ ልጣጭ ላጪ። መስታወት ላይ ዘርጊያት፣ የአዮዲን ጠብታ ጣል አድርጊባት፣ ከማይክሮስኮፕ ሥር አስገቢያት። ግንበኛ የደረደረው ጡብ የመሰለ ነገር ታያለሽ፤ በየጡቡ ውስጥ አንድ ጠቆር ያለ ነጥብ አለ። ጡቡ ሕዋስ ነው፣ መምህሮችሽ ሴል የሚሉት። ነጥቡ ኒውክለስ ነው። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1665 ሴል የሚለውን ስም ሲያወጣ ያየው የደረቀ የቡሽ ቅርፊት ነበር፤ ባለቤቱ የሞተበት ባዶ ክፍል። ቃሉም ትንሽ ክፍል ማለት ነው፤ የመነኩሴ በኣት በፈረንጅ አፍ የሚጠራው በዚሁ ቃል ነው። አንቺ ግን ከሽንኩርቱ ላይ የምታዪው ባለቤቱ ያለበትን ቤት ነው።

፪. ከትርጉሙ በፊት ጥያቄውን አግኚ።

ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ቪርኮ እ.ኤ.አ. በ1855 ሕዋስ የሚወለደው ከሕዋስ ብቻ ነው ብሎ ጻፈ። መልካም። እንግዲህ የራስሽን ደም አስቢ። ቀይ የደም ሕዋስ ሲበስል ኒውክለሱን አውጥቶ ይጥላል። ኒውክለስ የሌለው ሕዋስ ተከፍሎ ሌላ ሕዋስ ሊወልድ አይችልም። ዕድሜውም 120 ቀን ገደማ ነው። ታዲያ የማይወልድና በአራት ወር የሚሞት ሕዋስ በሰውነታችን ውስጥ ካሉት ሕዋሳት ሁሉ በቁጥር የሚበልጠው እንዴት ነው? ደማችንስ በአራት ወር ለምን አያልቅም? ይህ ጥያቄ ከገባሽ ግማሹን መንገድ ሄደሻል። ከበስተኋላ ሆኖ የሚወልድ፣ እየወለደም የማያልቅ ሕዋስ መኖር አለበት። ስቴም ሴል የሚባለው እሱ ነው።

፫. ሁለቱን ጠባዩን በሁለት ያገር ምሳሌ ያዢ።

አንደኛው ጠባይ እርሾ ነው። እናትሽ እንጀራ ስትጋግር ሊጡን ሁሉ ምጣድ ላይ አታፈሰውም። ከቡሃቃው ጥቂት እርሾ ታስቀራለች፤ የሚቀጥለው ቡኮ የሚነሣው በእሱ ነው። ስቴም ሴልም ሲከፈል ከልጆቹ ከፊሉ ወደ ሥራ ይሄዳል፣ ከፊሉ እንደ እናቱ ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛው ጠባይ የአብነት ትምህርት ቤት ነው። ጎንደር ስትኖሪ እንደሰማሽው የቆሎ ተማሪ ሁሉ በንባብ ቤት ይጀምራል። ከዚያ አንዱ ዜማ ቤት ይገባል፣ ሌላው ቅኔ ይቀኛል፣ ሌላው አቋቋም ሊማር ወደ ጎንደር በኣታ ቤተ ክርስቲያን ይመጣል። ሁሉም ያነበቡት ፊደል አንድ ነው፤ ሙያቸው ግን ይለያያል። የሰውነትሽ ሕዋሳትም ኒውክለስ እስካላቸው ድረስ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ዲ.ኤን.ኤ. ይዘዋል። የጉበቱን ሕዋስ ከነርቩ የሚለየው ከዚያ ጽሑፍ ውስጥ የቱን እንደሚያነብና የቱን እንደሚዘጋ ነው። ስቴም ሴል ገና ንባብ ቤት ያለ ልጅ ነው፤ ሙያው አልተቆረጠለትም።

ይህ ምሳሌ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ማስረጃውንም እወቂ። ካናዳ፣ ቶሮንቶ ውስጥ ጄምስ ቲልና ኧርነስት ማክሎክ የተባሉ ተመራማሪዎች ደም የሚሠራውን የአይጦች መቅኔ በጨረር ካጠፉ በኋላ ከጤነኛ አይጥ መቅኔ ሕዋስ ወሰዱና በደም ሥራቸው ሰጧቸው። ከቀናት በኋላ በአይጦቹ ጣፊያ ላይ ጉብ ጉብ ያሉ እብጠቶች ታዩ። ይህን እ.ኤ.አ. በ1961 አሳተሙ። በ1963 ደግሞ ከባልደረባቸው ጋር ሆነው እያንዳንዱ እብጠት ከአንድ ሕዋስ ብቻ የተወለደ መሆኑን አሳዩ። በአንዱ እብጠት ውስጥ ቀዩም ነጩም የደም ሕዋስ ነበረበት። አንድ እናት፣ ብዙ ሙያ ያላቸው ልጆች።

፬. ቅልጥም ሲሰበር ዝም ብለሽ አትለፊ።

ለፋሲካ በሬ ሲታረድ ከቅልጥሙ ውስጥ የሚወጣውን ነጣ፣ ቢጫ ያለ ለስላሳ ነገር ታውቂዋለሽ። እሱ አብዛኛው ስብ ነው። ደም ይሠራበት የነበረው መቅኔ እንስሳው ሲያድግ ከረጃጅም አጥንቶች እየለቀቀ ስብ ይተካዋል። የጎድኑን አጥንት ግን ሲቆረጥ ጫፉን ተመልከቺ፤ እንደ ስፖንጅ የተበሳሳ፣ ደም የመሰለ ቀይ ነው። የደም እርሾ ያለው እዚያ ነው። በእኛም እንዲሁ ነው። ሕፃን ሲወለድ መቅኔው በየአጥንቱ ቀይ ነው፤ ሲያድግ ቀዩ በዳሌ፣ በአከርካሪ፣ በጎድንና በደረት አጥንት ይሰበሰባል። ሐኪም መቅኔ ለመውሰድ መርፌውን ከዳሌ አጥንት የሚያስገባው ለዚህ ነው።

ይህን አንቀጽ አንብበሽ እስክትጨርሺ መቅኔሽ በየሰከንዱ ሁለት ሚሊዮን ያህል ቀይ ሕዋስ ሠርቷል። ነጮቹም ከዚያው ናቸው። የደም ጠብታ በመስታወት ላይ ስታሰጪ፣ ጊምዛ ቀለም ስትቀቢና በዘይት ሌንስ ስታዪ እያንዳንዱን በመልኩ ትለዪዋለሽ። ኒውትሮፊሉ ኒውክለሱ በቀጭን ክር እንደተያያዘ ጨሌ ነው። ሊምፎሳይቱ ሙሉ ጨረቃ የመሰለ ኒውክለስ አለው። ኢኦሲኖፊሉ ብርቱካንማ ፍንጣቂ ሞልቶበታል፤ የአንጀት ትል ያለበት ሰው ደም ውስጥ ይበዛል። መልካቸው ይህን ያህል የተራራቀ ቢሆንም የዘር ሐረጋቸውን ወደ ኋላ ብትቆጥሪ ሁሉም ከአንድ ዓይነት እናት ይገናኛሉ።

፭. የአገርሽን ደም አንብቢ።

አንቺ የደጋዋ የደባርቅ ልጅ ነሽ፤ ይህ ምክር ለአንቺ ይበልጣል። ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን ያንሳል። ያን ጊዜ ኩላሊት ኤሪትሮፖይቲን የሚባል ሆርሞን ወደ ደም ይለቃል፤ መቅኔውም ቀይ ሕዋስ አብዝቶ ይሠራል። በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች በቀይ ሕዋስ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ያለው ለዚህ ነው፤ ከእነሱ አንዳንዶቹ ደማቸው ከመጠን በላይ እየወፈረ ይታመማሉ። የቲቤት ሰዎች ደግሞ ሄሞግሎቢናቸው ያን ያህል ከፍ ሳይል፣ በደማቸው ያለው ኦክስጅን ዝቅ ብሎ ይኖራሉ።

አሜሪካዊቷ ሲንቲያ ቢል፣ ከባልደረቦቿና ከኢትዮጵያዊው ሐኪም ከአምሃ ገብረ መድኅን ጋር ሆና በስሜን ተራሮች አምባራስ ላይ፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መረመረች። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ታተመ። የወንዶቹ ሄሞግሎቢን በአማካይ በዴሲሊትር 15.9 ግራም፣ የሴቶቹ 15.0 ግራም ሆኖ ተገኘ። ኦክስጅን የያዘው የሄሞግሎቢናቸው መጠንም 95.3 በመቶ ነበር። ሁለቱም ቆላ ባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው ጋር የሚቀራረብ ነው። የአምባራስ ሰው እንደ አንዲስ ሰው ደሙ አልወፈረም፣ እንደ ቲቤት ሰው ኦክስጅኑ አልወረደም። ሦስተኛ መንገድ ሆኖ ተገኘ።

ገብሱን የሚያጭደው፣ በጉን የሚጠብቀው የአገርሽ ገበሬ ዓለም ከመጻሕፍቱ ያላገኘውን ነገር በደሙ ይዞ ኖሯል። ይህን ስታነቢ ሳይንስ ከሩቅ አገር የሚመጣ ብቻ ነው የሚለው ሐሳብ ከልብሽ ይውጣ።

፮. በሽታውንም በሕዋሱ ቤት ፈልጊው።

ደምቢያ ላይ እ.ኤ.አ. በ1953 የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሰው ጨረሰ። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መነሻ፣ በዓመቱ በ1954 የተከፈተው ያን የመሰለውን መከራ የሚመክት ባለሙያ ለማፍራት ነበር። የወባ ተሕዋስ የሚገባው ቀይ ሕዋስ ውስጥ ነው፤ እዚያው ተባዝቶ ቤቱን አፍርሶ ይወጣል። ትምህርት ቤትሽ ራሱ የተተከለው በአንድ የሕዋስ ጦርነት ምክንያት ነው ማለት ይቻላል።

ካላዛር ደግሞ ይብሳል። ለሰሊጥና ለጥጥ ሥራ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርደውን ወጣት የአሸዋ ዝንብ ትነድፈዋለች። ተሕዋሱ የሚሰፍረው ወራሪን ውጦ ለማጥፋት በተፈጠረው ማክሮፌጅ በሚባለው ሕዋስ ውስጥ ነው፤ ዘበኛውን ቤቱ ያደርገዋል። በጣፊያ፣ በጉበትና በመቅኔ ይባዛል። ጣፊያው ያብጣል፣ ደሙ ያንሳል፣ ነጩም ቀዩም ይመናመናል። ከእንዲህ ያለ ሕመምተኛ በተወሰደ ናሙና ላይ እስከ አፉ በተሕዋስ የሞላ ማክሮፌጅ ያየሁበትን ቀን አልረሳውም። ትናንሾቹ ሞላላ አካላት በየውስጣቸው አንድ ነጥብና አንድ ጭረት ይዘው ተጨናንቀው ነበር። መቅኔውም ጠላት እንደገባበት የእርሾ ማሰሮ ነው። ያን ጊዜ የደም ማነስ የሚለው ቃል ለእኔ ከወረቀት ወጥቶ ሰው ሆነ።

፯. ወደ ኋላ የተመለሱትንም እወቂ።

ለረጅም ጊዜ ሙያ የያዘ ሕዋስ ወደ ንባብ ቤት አይመለስም ይባል ነበር። ጆን ገርደን በትምህርት ቤት ሳለ በባዮሎጂ ከ250 ልጆች መጨረሻ የወጣ ሰው ነው። እሱ ከእንቁራሪት ጫጩት አንጀት ሕዋስ የወሰደውን ኒውክለስ፣ የራሷ ኒውክለስ በጠፋባት የእንቁራሪት እንቁላል ውስጥ አስገብቶ ጤነኛ የእንቁራሪት ጫጩት እንደሚያድግ እ.ኤ.አ. በ1962 አሳየ። ጽሑፉ አልጠፋም ማለት ነው፤ ተዘግቶ ነበር እንጂ። ጃፓናዊው ሺንያ ያማናካ በ2006 በአይጥ፣ በ2007 በሰው ቆዳ ሕዋስ ላይ አራት ጂኖችን ጨምሮ ሕዋሱን ወደ ጅምሩ መለሰው። ሁለቱም በ2012 ኖቤል ተሸለሙ።

በመካከሉ እ.ኤ.አ. በ1998 ጄምስ ቶምሰን በሰው ፅንስ የመጀመሪያ ቀናት ካሉት ሕዋሳት ስቴም ሴል አውጥቶ ነበር። ፅንስ ስለሚነካ በብዙ አገር የሕሊናና የሃይማኖት ክርክር አስነሣ። የያማናካ ሥራ ፅንስ ሳይነካ ሌላ በር ከፈተ። አንቺም ይህን የመሰለ ጥያቄ ሲገጥምሽ ሕሊናሽን ከላቦራቶሪው ደጅ አስቀምጠሽ አትግቢ።

፰. ተስፋን ከገበያ ለዪ።

የታመመ ዘመድ ያለው ሰው በስልኩ ላይ «ስቴም ሴል ሁሉን ይፈውሳል» የሚል ማስታወቂያ ሲያይ በሬውን ሊሸጥ ይነሣል። ወደ አንቺ ይመጣል፤ ተማሪዋ ታውቃለች ይላልና። እውነቱን ንገሪው። ደም የሚሠሩ ስቴም ሴሎች ለደም ካንሰርና ለአንዳንድ የደም ሕመሞች በእርግጥ ይረዳሉ። የመቅኔ ንቅለ ተከላን ያስጀመረው ዶናል ቶማስ እ.ኤ.አ. በ1990 ኖቤል ያገኘው በዚህ ሥራ ነው። ከዚህ ውጭ የሚሸጠው ብዙው ገና በሙከራ ላይ ያለ ወይም ማስረጃ የሌለው ነው። ሦስት ነገር አስጠይቂው፦ ሕዋሱ ከማን ነው የተወሰደው? ሰውነት ውስጥ ገብቶ ምን ይሆናል? በስንት ሕመምተኛ ተሞክሮ ውጤቱ የት ታተመ? መልስ የሌለው ሻጭ ዘንድ በሬው አይሸጥ።

፱. የራስሽን እርሾ አስቀሪ።

ለፈተና ብለሽ የተማርሽውን ሁሉ በፈተና ወረቀት ላይ አፍስሰሽ አትውጪ። ምዕራፍ በጨረስሽ ቁጥር ያልተመለሰልሽን አንድ ጥያቄ በደብተርሽ መጨረሻ ገጽ ጻፊ። የሚቀጥለው ትምህርት የሚነሣው ከዚያ ነው። እኔም እንዲህ ያለች ደብተር አለችኝ፤ ዓይኔ ግን ደክሟል። ቅዳሜ ፒያሳ ስንገናኝ እሰጥሻለሁ። የመጨረሻ ገጿ ላይ አንድ መስመር ተጽፏል፦ ኦክስጅን በሳሳበት አምባራስ ላይ የሰው መቅኔ የማይቸኩለው ስለ ምን ነው? ተመራማሪዎች ዛሬም በዚህ ላይ ናቸው። ከሥሩ ባዶ ቦታ ትቼልሻለሁ።