ሽለላ በሳክስፎን፦ የአቶ ጌታቸው መኩሪያ የሙዚቃ ሕይወት

በሙዚቃ ክበባችን ስብሰባ ላይ አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ክበቡ ባጠራቀመው ገንዘብ ሳክስፎን ይግዛ ወይስ ይቅር ሲባል፣ አንድ ወንድማችን ብድግ ብሎ «ሳክስፎን የፈረንጅ ዕቃ ነው፤ በእርሱ የወላይታን ዜማ መጫወት ዜማውን ማፍረስ ነው» ሲል ተናገረ። ብዙዎች አጨበጨቡለት። እኔም የምመልሰው ቃል አጥቼ ተቀመጥሁ። ከዚያ ወዲህ ነገሩን ስመረምር የአንድ ታላቅ ኢትዮጵያዊ ታሪክ መልስ የሚሰጥ ሆኖ ስላገኘሁት፣ አንባቢ እንዲፈርድ እነሆ አቀርባለሁ።

አስቀድሞ ስለ መሣሪያው ጥቂት እንናገር። ሳክስፎንን የፈለሰፈው አዶልፍ ሳክስ የተባለ የቤልጅግ ሰው ሲሆን፣ የፈጠራ መብቱን በፓሪስ ያስመዘገበው እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1846 ነው። አካሉ ከናስ ቢሠራም የሚመደበው ከነክላሪኔት ጋር ነው። ምክንያቱም ድምፁ የሚወለደው በአፍ መያዣው ላይ ከታሰረች ስስ የሸምበቆ ምላስ ነው። ትንፋሽ ሲያልፍባት ምላሲቱ ትርገበገባለች፤ ነፊው በከንፈሩ ሲጫናት ወይም ሲያላላት ድምፁ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይንቀጠቀጣል። ፒያኖ የተቃኘበትን ድምፅ ብቻ ይሰጣል፤ ሳክስፎን ግን እንደ ሰው ጉሮሮ ሊያለቅስም ሊፎክርም ይችላል። በአሜሪካም በታላላቆቹ የጃዝ ባንዶች ዘመን ኮልማን ሆኪንስ ከፍሌቸር ሄንደርሰን ባንድ ተነሥቶ፣ ቴኖር ሳክስፎን ከሰልፍ ወጥቶ ብቻውን ሊናገር እንደሚችል አሳይቷል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ልጆችና መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የዘመናዊው ባንድ መሠረት ሆነዋል። ከጠላት ወረራ በኋላም የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊት፣ የፖሊስና የማዘጋጃ ቤት ባንዶች ተስፋፉ። የኬቮርክ ወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም በማዘጋጃ ቤቱ ባንድ፣ በኋላም በቴአትሩ ኦርኬስትራ ብዙዎችን አሠልጥነዋል።

አቶ ጌታቸው መኩሪያ መጋቢት 5 ቀን 1927 ዓ.ም. በይፋት ተወለዱ። በልጅነታቸው የያዙት ክራርና ማሲንቆ ነበር። በ1940ዎቹ መጀመሪያ ገና በአፍላ ዕድሜያቸው በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ገብተው ክላሪኔትና ሳክስፎን መንፋት ጀመሩ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ሲከፈት ከኦርኬስትራው ጋር ተሰለፉ፤ በ1950ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽም ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ተዛወሩ። እንግዲህ ብቻቸውን ከመታወቃቸው በፊት ከጓደኞቻቸው ጋር በአንድ መስመር ተቀምጠው፣ ኖታ አንብበው፣ ተራቸውን ጠብቀው የሠሩ ሰው ናቸው።

ስማቸውን ያስጠራው ግን ሽለላው ነው። እንደሚታወቀው ሽለላ ጦረኛ ወደ ዘመቻ ሲነሣ ወኔ የሚቀሰቅስበት ዜማ ነው። አቶ ጌታቸው የአንበሳ ጎፈር ደፍተው፣ እንደ አርበኛ ለብሰው ወደ መድረክ እየወጡ ያንን ዜማ በቴኖር ሳክስፎን አንበለበሉት። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ግድም ሥራቸው በፊሊፕስ ሸክላ ታተመ። ኋላ የውጭ አገር አድማጮች ከኦርኔት ኮልማንና ከአልበርት አይለር ጋር ያመሳስሏቸው ጀመር። የአቶ ጌታቸው ምንጭ ግን የራሳቸው አገር ሽለላ ነበር።

በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊው የሌሊቱን ሙዚቃ አዳከመው፤ ቀጥሎም የኤሌክትሪክ ኪቦርድ የብዙ ነፊዎችን ወንበር ወሰደ። አቶ ጌታቸው ግን መሣሪያቸውን አላስቀመጡም። እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ2003 ሥራቸው በ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ እትም በ14ኛው ቅጽ ወጣ፤ በ2006 ደግሞ «ዘ ኤክስ» ከተባለው የሆላንድ ባንድ ጋር «ሞዓ አንበሳ» የተባለውን አልበም አሳተሙ። መጋቢት 26 ቀን 2008 ዓ.ም. በ81 ዓመታቸው ዐረፉ።

ከዚህ በኋላ ለወንድማችን የምመልሰው ቃል አለኝ። ዜማን የሚያፈርሰው ዜማውን የማያውቅ ሰው እንጂ መሣሪያው አይደለም። አቶ ጌታቸው ሳክስፎኑን ከሌላ ተቀበሉ፤ ሽለላውን ግን ይዘውት መጡ። ባይዘውት ኖሮ ሳክስፎኑ ብቻውን ምን ባደረገላቸው? በዚህ በኩል የወንድማችን ሥጋት ግማሽ እውነት አለው።

በደቡብ አገራችን ከቀርከሃና ከቀንድ የሚሠሩ መነፊያዎች አሉ። በብዙ ቦታ እያንዳንዱ ነፊ አንድ ድምፅ ብቻ ይዞ ተራውን ይጠብቃል፤ ሙሉው ዜማ የሚገኘው ከሁሉም ትንፋሽ ተገጣጥሞ ነው። በታላቅ ባንድ ውስጥ ተሰልፎ መንፋትም ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ትዕግሥት ይጠይቃል። አያቴ ለቅሶ ቤት ሲነፋ የሰሙትን ዜማ በአፋቸው ያሰሙኝ ነበር። እርሳቸው ካረፉ ወዲህ ከቤተሰባችን ያንን ዜማ አሟልቶ የሚያውቅ የለም፤ እኔም ግማሹን ረስቼዋለሁ።

ስለዚህ ክበባችን ሳክስፎኑን ይግዛ እላለሁ፤ ነገር ግን በቅድሚያ አንድ ሥራ ይሥራ። ለጊፋታ በዓል ወደየቤታችን ስንሄድ እያንዳንዳችን ከአንድ ሽማግሌ ዘንድ ተቀምጠን አንድ ዜማ እንማር፤ በስልካችንም እንቅዳ። መሣሪያውን ገበያ ላይ ዛሬም ነገም እናገኘዋለን፤ ሽማግሌውን ግን በሚመጣው ዓመት ላናገኘው እንችላለን።